ድምፅ አልባ የሙዚቃ በጋ ላበረከቱልን ኃላፊ

ለተከበሩ የከተማችን መዝናኛና ድምፅ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። እንቅልፍዎ እንደተስማማዎት፣ በተለይም ሁለቱም ጆሮዎችዎ ከማያስፈልግ ድምፅ ሁሉ ተጠብቀው እንደከረሙ ተስፋ አደርጋለሁ። ባለፈው ዓመት ስለ ሙዚቃችን አቤት ያሉት የፌስቲቫሉ ሜዳ ማዶ ነዋሪዎችም ዘንድሮ መስኮታቸውን ከፍተው እንደሚተኙ አልጠራጠርም። የእኛን ቤት ከጠየቁ ደህና ነን። ይህን የምጽፈው ተናድጄ እንዳይመስልዎት፤ ንዴት ቢሆንማ አንድ ቀን ጮኼ በወጣልኝ ነበር። ከበጋው ፌስቲቫል መክፈቻ ዝግጅት ወዲህ የጥርስ ሐኪም በመርፌ እንዳደነዘዘው ድድ ነኝ፤ ቢነክሱኝም አይሰማኝም። ስለዚህ በትሕትናዬ መካከል ቅሬታ የመሰለ ነገር ብቅ ቢልብዎ የጽሕፈት ስህተት አድርገው ይለፉልኝ።

ክቡርነትዎ ስለማያውቁኝ ራሴን ላስተዋውቅ። ከገበያው ጀርባ ባለው የሴቶች ፀጉር ቤት እሠራለሁ። ደንበኞቼ ስሜን ትተው «ሬዲዮ» ይሉኛል፤ የማን አልበም በየትኛው ወር እንደሚወጣ፣ የትኛው ባንድ ዘፋኙን እንዳባረረ፣ በየትኛው ፌስቲቫል ማን መድረክ እንደሚከፍት ማንም ሳይጠይቀኝ ስለምለፈልፍ ነው። ሌላው ሰው ዓመቱን በደመወዝና በቤት ኪራይ ሲቆጥር እኔ በበጋ ፌስቲቫሎች እቆጥራለሁ። ዘንድሮ ደግሞ በጋው እንደ ሌላው በጋ አልነበረም። ከልጅነታችን ጀምሮ የምንወደው ባንድ፣ ተበትኗል እየተባለ ስንት ዓመት ስናዝንለት የኖርነው ባንድ፣ አዲስ አልበም ሊያወጣና ሙሉውን በመዝጊያው ፌስቲቫል ሊጫወተው መሆኑ ተነገረ። ወሬውን የሰማሁት የአንዲት ሙሽራ ፀጉር ቀለም እየቀባሁ ሳለ ነው። ግማሹን ቀብቼ ግማሹን ትቼ ወንድሜ ዘንድ ሮጥኩ። ሙሽራዋ ይቅርታ አድርጋልኛለች፤ የፀጉር ቤቱ ባለቤት ግን እስከ አሁን ታነሳብኛለች።

ወደ ወንድሜ የሮጥኩበትን ምክንያት ልንገርዎ። ታናሼ ነው፤ እንጨት ቤት በርና መስኮት ይገጣጥማል። ከሁለታችን የሙዚቃ እብዱ እሱ ነበር። ወጣት ሳለ ክፉ ትኩሳት ይዞት ተኛና እሱ ሲድን ጆሮው አልዳነም። ሐኪሞቹ አይመለስም አሉ፤ እማዬ ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ እኔም እቤት ውስጥ ሙዚቃ መክፈት እንደ ነውር ቆጥሬ ተውኩት። አንድ ቀን ግን የሌለ መስሎኝ ከፍቼ ሳለ ገብቶ ስፒከሩ ላይ ተደገፈና፣ ቀና ብሎ የዘፈኑን ስም ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ በእጁ ይሰማል። አዲስ አልበም በወጣ ቁጥር ኩባያዎቹን አንስተን ስፒከሩን የምግብ ጠረጴዛው ላይ በአፉ እንደፋዋለን። እሱ ሁለት መዳፉን ዘርግቶ ጉንጩን እንጨቱ ላይ ያሳርፋል፤ እኔ ከፊቱ ተቀምጬ ግጥሙን በከንፈሬ እነግረዋለሁ፤ እማዬ ጠረጴዛዬን ልትሰነጥቁት ነው እያለች ታጉረመርማለች እንጂ ከልክላን አታውቅም። ይሁንና የቤታችን ስፒከር ትንሽ ነው፤ ከዘፈኑ የሚደርሰው ፍርፋሪው ነው። ጠግቦ የሚሰማው በበጋ፣ በፌስቲቫሉ ሜዳ፣ ቁም ሣጥን የሚያካክሉት ስፒከሮች አጠገብ ደረቱን አስጠግቶ ሲቆም ብቻ ነው። ያን ጊዜ ፊቱን ቢያዩት ክቡር ሆይ፣ ምንም ያልጎደለበት ሰው ነው።

እንግዲህ ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር ላቅርብ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ቁጥር የሌለውን ነገር እንደማያነብ ተነግሮኛል።

አንደኛ፦ የበጋው ፌስቲቫሎች በሙሉ ድምፅ አልባ እንዲሆኑ፣ ታዳሚውም በየጆሮው ማዳመጫ ደፍቶ እንዲጨፍር ስለወሰኑልን እጅ እነሳለሁ። ስፒከሩን ትንሽ መቀነስ ወይም ዝግጅቱን በጊዜ መዝጋት ለማንም ተራ ሰው የሚመጣ ሐሳብ ነበር፤ ክቡርነትዎ ግን ከነጭራሹ አጥፍተው ገላገሉን። ይህንኑ የጸጥታ ውሳኔ ጎህ ሲቀድ በየሰፈሩ እየዞረ በድምፅ ማጉያ ያበሰረን የጽሕፈት ቤቱ መኪናም ምስጋና ይገባዋል። ከወንድሜ በቀር ሁላችንንም ቀስቅሶናል።

ሁለተኛ፦ መስማት ለተሳናቸው ወገኖች የጆሮ ማዳመጫ በቅድሚያና በነጻ እንዲታደል ማዘዝዎ ልቤን ነክቶታል። የወንድሜን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ያስረከበችኝ ሠራተኛ ጥሩ ልጅ ናት፤ ጆሮውን እንዳያመው ስፖንጁ ለስላሳ የሆነውን መርጣ ሰጠችኝ። ምን ብዬ ልንገራት፤ አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ። ማዳመጫውን መሳቢያ ውስጥ፣ የማንለብሳቸው ካልሲዎች ሥር ከተትኩት፤ ለእሱም የማዳመጫውንም ሆነ የውሳኔውን ነገር አልነገርኩትም። ያልነገርኩት እንዲሁ ለመደበቅ ሳይሆን የክቡርነትዎን በጎ ምላሽ እየጠበቅሁ ስለነበር ነው፤ ወደዚያው እመጣለሁ።

ሦስተኛ፦ በወንድሜ ስም ማመልከቻ ይዤ ቢሮዎ ስመጣ ቁጭ ብለው አነጋግረውኛል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የለመንኩት አንዲት ስፒከር ነበር፤ በመድረኩ ጥግ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ የምትሠራ አንዲት ስፒከር። ክቡርነትዎ ማመልከቻውን ካነበቡ በኋላ፣ የማይሰማ ሰው ድምፅ ባይኖር ምን እንደሚጎድልበት በቅንነት ጠየቁኝ። አስረዳሁ። ማስረዳቴን ስጨርስ እንደገና ያንኑ ጠየቁኝ፤ እንደገና አስረዳሁ። በመጨረሻ ይታሰብበታል አሉኝ፤ እኔም ሞኟ እንደሚታሰብበት አምኜ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወረድኩ። ፀጉር ቤት ገብቼ ጉዳያችን አልቋል ብዬ አወራሁ፤ ስም አውጥተውልኝ የለ።

አራተኛ፦ የመክፈቻው ዝግጅት ዕለት ስላደረጉልን ነገር። ይህ ምስጋና ትንሽ ይረዝማል፤ ይታገሡኝ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሜዳው ደረስን። ከበሩ አሻግሬ ስመለከት ከመድረኩ ግራና ቀኝ ስፒከሮች እንደ ዱሮው ተደርድረው ቆመዋል። አንዲት ለምኜ ሙሉ ረድፍ ተሰጠኝ ብዬ ልቤ ሊወጣ ደረሰ፤ እውነቴን ነው፣ እዚያው ቆሜ መረቅኩዎ። ወንድሜም የሰዉን ሁሉ ጆሮ በማዳመጫ ተሸፍኖ ሲያይ ጊዜ ደስታውን አልቻለውም። እሱ በሚሠራበት እንጨት ቤት የመጋዙ ጩኸት እንዳይጎዳቸው ሁሉም የጆሮ መሸፈኛ ያደርጋሉ፤ ከእሱ በቀር። ይኸም እንደዚያው መስሎት፣ ዘንድሮ ስፒከሩ ከባድ ነው ማለት ነው፣ ሰዉ ፈርቶ ተሸፋፍኗል ብሎ በምልክት እያሳየኝ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ማዳመጫው ጥርት አድርገው ለመስማት ለሚፈልጉ የተጨመረ መስሎኝ ነበር።

ሰዉን እየገፋን ከትልቁ ስፒከር አጠገብ ቆምን። ወንድሜ የሸሚዙን እጅጌ ወደ ክንዱ ጠቅልሎ መዳፎቹን ለጠፈ፣ ደረቱን አስጠጋ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ባንዱ ጀመረ። እኔ ማዳመጫ አላደረግሁምና የሰማሁት የእግር ኮቴ፣ የልብስ መንኮሻኮሽና ድራመሩ የጎማ ከበሮውን ሲመታ የሚወጣውን ጠቅ ጠቅ ብቻ ነበር። ያኔ ገባኝ። ወንድሜ ግን ዓይኑን እንደጨፈነ ይጠብቃል። ገለጥ አድርጎ ድራመሩን ሲያየው በላብ ተነክሯል፤ ሰዉም እየዘለለ ነው። ወደ ቀጣዩ የስፒከር ሣጥን ተሻገረና እሱን ያዘ። ከዚያ መዳፎቹን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ አሽቶ፣ እንደገና ለጠፋቸው። ልነግረው ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን ወደ እኔ አያይም፤ ካላየኝ ደግሞ ልነግረው አልችልም።

በመጨረሻ ዞረ። ድምፁን መመጠን ስለማይችል ሲናገር ሁልጊዜ ይጮኻል፤ እንደዚያ ጸጥ ባለ ሜዳ ላይ፣ ባለ በሌለ ድምፁ፦

«እህቴ፣ እጄም ደነቆረ» አለኝ።

አንድም ሰው አልዞረም። ሁሉም ማዳመጫ አድርጓል። ያን ያህል ሕዝብ በተሰበሰበበት ያንን ጩኸት የሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ከእኔም ውስጥ የሆነ ነገር ያን ሰዓት ተዘጋ።

እጁን ይዤ ወደ ጀርባ ወሰድኩት። ሣጥኖቹ ጀርባ የላቸውም፤ ውስጣቸው ባዶ ነው፤ ሽቦ የሚባል የለም። የመድረኩ ዘበኛ እንደነገረኝ፣ መድረኩ ያለ ስፒከር በፎቶ ላይ ራቁቱን ሆኖ ስለታየ ለመልክ እንዲቆሙ የታዘዘው ከጽሕፈት ቤትዎ ነው። ትዕዛዙ የወጣው ለማመልከቻችን ይታሰብበታል ከተባለ በኋላ መሆኑን ስሰማ፣ በእርግጥም እንደታሰበበት ተረዳሁ። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ባዶውን ሣጥን ትንሽ ጊዜ ሲያየው ቆየ። ከዚያ እጅጌውን ወደ ታች መልሶ፣ ቁልፉን ቆልፎ፣ እንሂድ አለኝ።

አምስተኛ፦ ስለ ቤታችን ጸጥታም ላመሰግንዎ ይገባል። ባለፈው ሰሞን ከአዲሱ አልበም የመጀመሪያው ዘፈን ወጥቶ ነበር። ኩባያዎቹን አነሳሁ፤ ስፒከሩን ደፋሁ። ወንድሜ ደክሞኛል አለና ወደ መኝታው ገባ። በማግሥቱም ደከመው። እንጨት ቤት የመጋዙ ንዝረት እንደሚሰማው ጠቅሼ ልሞግተው ብሞክር፣ መጋዝ ሌላ፣ ሙዚቃ ሌላ አለኝ። ሣጥኑ ባዶ እንደነበር ያውቃል፤ ግን አንድ ጊዜ ጥሎት የሄደ ነገር ሁለተኛ ጊዜ ጥሎት ሄዶ እንደሆነ መሞከር ይፈራል። እኔ አላስገደድኩትም። እማዬም የጠረጴዛዋን ነገር ማንሳት ትታለች፤ ስታጉረመርም መስማት እንደዚህ ይናፍቀኛል ብዬ አላውቅም። ዘፈኑን ለብቻዬ ሰማሁት፤ ጥሩ ነው ይላሉ። ምንም አላለኝም። ደንበኞቼ ምን አዲስ ነገር አለ ሲሉኝ እንጃ እላለሁ፤ ፀጉራቸውን በዝምታ ሠርቼ እሸኛቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹ በሥራዬ ላይ ለውጥ አይተው ባለቤቷን አመስግነዋታል።

መዝጊያው ፌስቲቫል ገና ነው። ልመናዬ ያው የበፊቱ ነው፦ አንዲት ስፒከር፣ ጀርባ ያላት፣ ሽቦ የተገጠመላት። ይህ ከጽሕፈት ቤትዎ አቅም በላይ ከሆነ ባዶዎቹን ሣጥኖች ያስነሱልን። ለፎቶው ውበት ሲባል ሌላ ነገር ይቁም፤ የአበባ ማስቀመጫም ቢሆን፣ የክቡርነትዎ ምስልም ቢሆን፣ ማንም ሄዶ ደረቱን የማይለጥፍበት ነገር።

ዘመንዎ የለመለመ፣ ወንበርዎ የማይንቀጠቀጥ፣ ደጅዎ ኮሽታ የማይሰማበት ይሁንልዎ እያልኩ፣ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁና ጊዜያችንን ስለወሰዱልን እያመሰገንኩ፣ ከጫማዎ ሥር ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣
ከገበያው ጀርባ ፀጉር ቤት፣ ሬዲዮ ትባል የነበረችው

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ከጽሕፈት ቤትዎ ምላሽ መጥቷል። ማመልከቻው ላይ መስማት የተሳነው ተብሎ በጉልህ ስለተጻፈ፣ ሠራተኛዎ ውሳኔውን በቃል ለማስረዳት ወደ ወንድሜ ስልክ ደወለ። ለማይሰማ ሰው ማንም ስለማይደውል ያ ስልክ ከተገዛ ጀምሮ ጠርቶ አያውቅም፤ መልእክት ሲገባ አንዴ ንዝር ብሎ ዝም ከማለት በቀር። አሁን ግን ኪሱ ውስጥ ይንዘፈዘፍ ጀመር። ወንድሜ አውጥቶ መዳፉ ላይ አጋደመው፤ ቁጥሩን ሳይ የጽሕፈት ቤትዎ መሆኑን አወቅሁ፤ አላነሳውም፤ ምን ሊያደርግ ያነሳዋል። ሠራተኛዎ ትጉህ ነውና ደግሞ ደወለ፣ ደግሞ ደወለ። ወንድሜ ሁለተኛውን መዳፉን ከላይ ደረበበት፤ ቀስ በቀስ እግሩ ወለሉን ይመታ ጀመር። ወደ እኔ ቀና ብሎ «ምት አለው» አለኝ። እኔም ላነሳለት የዘረጋሁትን እጄን መለስኩ። ውሳኔው ምን እንደሆነ እስከ አሁን አናውቅም፤ እምቢታ ቢሆንም ግድ የለንም። ብቻ ያ ሰው እንዳይሰለች ይዘዙልን፤ በዚህ በጋ ከጽሕፈት ቤትዎ የደረሰን ሙዚቃ እሱ ብቻ ነው።