ለካ ድሬዳዋ አንድ ሰዓት ነው

ሰኞ፣ ጥቅምት 3። ከቀኑ 9 ሰ.
ምስር ለቀምኩ። ጉልበቴ ዛሬም ያመኛል። ልጄ ሕይወት ከሥራ ደውላ የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጬልሻለሁ አለች። ድሬዳዋ፣ እህቴ አስካለ ዘንድ። ማን ላኪኝ አለሽ ብዬ ጮህኩባት። ለካ ነገሩ ከአስካለ ነው፦ «ሩቅ ነው ካለች አውሮፕላን አለ በያት።» ምላሷ አልተለወጠም። ዘጠኝ ዓመት ሳንነጋገር ቆይተን ይህን ላከችብኝ።

ስንት ሰዓት ይፈጃል አልኩ። አንድ ሰዓት። ደብተሬ፣ አንድ ሰዓት! ከጉለሌ ቦሌ በታክሲ ከዚያ ይበልጣል። ከእንግዲህ ምን ብዬ ልቅር?

ማክሰኞ፣ ጥ. 4። ጠዋት።
የአስካለ ባል በየነ ሲሞት ልቅሶ አልደረስኩም። ሠልስቱንም፣ አርባውንም። መንገዱ ሩቅ ነው አልኳት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። እኔም ተቀየምኩ። እሷን ያስተማራት እኔ ከእንጦጦ ያወረድኩት እንጨት ነው። እሷ ፊደል ስትቆጥር የእኔ ጀርባ ይላጥ ነበር። ይህ ይረሳል?
ልጽፍ ያሰብኩት ግን ይህን አልነበረም።

ረቡዕ፣ ጥ. 5።
እውነቱን ልጻፍ። ለማንም አልነገርኩም። ያኔ ለልቅሶው ተነስቼ ሄጄ ነበር። ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ሳይነጋ አውቶቡስ ተራ ደረስኩ። የድሬዳዋው የቱ ነው ስል አንዱ «እማማ፣ ተጽፎ የለ እንዴ?» አለኝ። አላነብም ማለት ሞት መሰለኝ። ሰው ወደበዛበት ገባሁ። ሙቀቱን ስጠብቅ ብርዱ ባሰ። ረዳቱ ሂሳብ ሲሰበስብ ድሬዳዋ ብል አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ። ለካ የደሴ ነው። ደብረ ብርሃን አወረዱኝ። በማግስቱ መሄድ እችል ነበር። አፈርኩ።
በኋላ ቀበሌ የጎልማሶች ትምህርት ስገባ ሁሉም ለመጽሐፍ ቅዱስ መሰላቸው። ለአውቶቡሱ ጽሑፍ ነበር።

ዓርብ፣ ጥ. 7። ከሰዓት።
ለአስካለ ከሽሮ ሜዳ ነጠላ ገዛሁ። ጥለቱ አረንጓዴ፣ እንደምትወደው። ቲኬቱን ራሴ አነበብኩ፦ ነገ 7:15። ምሳዬን በልቼ እደርሳለሁ ብዬ ተዝናናሁ። ለጎረቤቴ ለባለሱቋ ዘይነባ አሳየኋት። «ወይኔ እታለም፣ ይሄ እኮ የፈረንጅ ሰዓት ነው! ጠዋት አንድ ከሩብ። ምሳሽን በልተሽ ባዶ ሰማይ ልታዪ ነው?»
እሷ ሳቀች። እኔ ቲኬቱን ከእጇ ነጥቄ ወጣሁ። እንደገና! ፊደሉን ባውቅ ሰዓቱ ጣለኝ። በቃ፣ አልሄድም። ቲኬቱን ፍራሽ ሥር ከተትኩት።

ምሽት 1 ሰ.
ዘይነባ ቴምር በፌስታል ይዛ መጣች። ለእህትሽ ነው አለች። የወንድሟ ታክሲ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሬ ላይ ይቆማል። እሷም ለሶላት ስትነሳ በሬን ትደበድባለች። እኔም መጀመሪያ የበረርኩ ቀን ተሳስቻለሁ አለችኝ። መዋሸቷ ነው። በሕይወቷ በርራ አታውቅም። አቀፍኳት።
ቲኬቱን አወጣሁት።

ቅዳሜ፣ ጥ. 8። ጠዋት 12 ተኩል።
ቦሌ ደርሻለሁ። ሰሌዳው ላይ ድሬዳዋ ይላል። ሁለቴ አነበብኩት። ከዚያም አጠገቤ የተቀመጠችውን ልጅ ጠየቅኋት። አላፈርኩም። አዎ እማዬ፣ እኔም እዚያው ነኝ አለች።
ለአስካለ ሩቅ ነበር አልላትም። ደብረ ብርሃን ድረስ መጥቼልሽ ነበር እላታለሁ። ትስቅብኛለች። ትሳቅ። ሳቋን ከሰማሁ ዘጠኝ ዓመቴ። ከዚያ በየነን አብረን እናለቅሰዋለን። ነጠላውን ግን ከልቅሶው በፊት ነው ወይስ በኋላ የምሰጣት
ተጠራን።