ከዓለቱ የሚመለሱትን ይቆጥሩ የነበሩት መምህር ናታን ምዋሮ ጹማ (1957–2023)

ቅዳሜ ሴፕቴምበር 2 ቀን 2023 መምህር ናታን እንደ ልማዳቸው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሡ። የታመመ ቀኝ ጉልበታቸውን በኮኮናት ዘይት አሹ። በረንዳው ላይ ወጥተው ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ አዩ። ከዋዜማው የተረፈውን፣ ማንዳዚ የሚባለውን የተጠበሰ ዳቦ በዝንጅብል ሻይ በሉ። ሬዲዮኑን ከፈቱ፤ ዜናው ሳያልቅ ዘጉት። ከዚያም የገለባ ባርኔጣቸውን፣ አጭሯን በርጩማቸውንና ደብተራቸውን ይዘው ሲወጡ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ሃሉዋ ሁልጊዜ የሚሉትን አሉ፦ «ሰባት ሰዓት ላይ ለምሳ እመጣለሁ። ሰባት ተኩል ካለፈ ፈልጉኝ።» ወይዘሮ ሃሉዋ ባቄላ እየለቀሙ ስለነበር ቀና ሳይሉ እሺ አሏቸው። በዚያ ጠዋት በቤቱ ውስጥ ከዚህ የተለየ ነገር አልሆነም።

መምህር ናታን ምዋሮ ከአባታቸው ከአቶ ጹማ ንዶሮ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ካቼ ምዋምቤ እ.ኤ.አ. በ1957 ተወለዱ። የተወለዱባት መንደር ከባሕሩ ዳር የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ትላለች። አባታቸው ከኮኮናት ዛፍ ጠጅ እየቀዱ ቤተሰባቸውን ያስተዳደሩ ሰው ነበሩ። ቤተሰቡ ባሕርን በሩቅ እንጂ በቅርብ አያውቅም። እናታቸው በተለይ ልጆቻቸው ወደዚያ እንዳይወርዱ አጥብቀው ይከለክሉ ነበር። መምህር ናታን እግራቸውን ጨው ውሃ ውስጥ ያስገቡት ሃያ አራት ዓመት ከሞላቸው በኋላ ነው።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በመንደራቸው የሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛ ደረጃን በሞምባሳ ተከታትለው፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ከናይሮቢ በጂኦግራፊና በሒሳብ ተመረቁ። በቀጣዩ ዓመት በምዋንጎኒ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ሆነው ተመደቡ። ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2017 ድረስም ከዚያ አልተነሡም። ያስተማሯቸው ልጆች አድገው የወለዷቸውንም አስተምረዋል።

በምዋንጎኒ ጨረቃ ስትሞላና ስትወለድ ባሕሩ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። በዚያን ጊዜ ከዳር ተነሥቶ እስከ ውጭኛው የኮራል ዓለት በእግር ይኬዳል። ሰው ዓለቱ ጫፍ ላይ ቆሞ ጥልቁ ውስጥ መንጠቆውን ይጥላል። ውሃው ሲመለስ ግን ከፊት አይመጣም። የአገሩ ሰው «በሩ» በሚለው ሰርጥ ሾልኮ ይገባና ከኋላ ይሞላል። አጥማጁ የቆመበት ድንጋይ ገና ደረቅ እንደሆነ ወደ ቤቱ የሚመልሰው መንገድ ወገብ ያደርሳል።

ይህን ለመምህር ናታን ያስተማሯቸው ምዜ ሸሪፉ የሚባሉ አረጋዊ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ምዜ መጀመሪያ ያገኟቸው መምህር ናታን ዓለቱ ላይ ብቻቸውን ቆመው፣ ጀርባቸውን ለሰርጡ ሰጥተው ሳሉ ነው። «አንተ የኮኮናት ሰው፣ ዛፍህ ላይ ብትወጣ አይሻልህም? የሚመጣብህ በፊትህ መስሎህ ነው?» አሏቸውና ክንዳቸውን ይዘው አወጧቸው። ከዚያ መንጠቆ በእጃቸው ከማስያዛቸው በፊት ሦስት ወር ሙሉ ዋና አስተማሯቸው። መምህር ናታን ይህን ታሪክ ለተማሪዎቻቸው ሲነግሩ ራሳቸው አስቀድመው ይስቁ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1986 የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ከነበሩት ከወይዘሮ ሃሉዋ ካሪሳ ጋር ጋብቻቸውን በቤተ ክርስቲያን ፈጸሙ። ወይዘሮ ሃሉዋ ወላጆቻቸውን በማጣታቸው የዘጠኝ ዓመት ልጅ የነበረውን ታናሽ ወንድማቸውን ካሂንዲን ይዘው መጡ። መምህር ናታን ልጁን እንደ ልጃቸው አሳደጉት። ሁለት ልጆችም ወለዱ፤ ምቤዩንና ሩዋን።

ማጥመድ ለመምህር ናታን እንጀራ አልነበረም። የቅዳሜ ደስታቸው ነበር። ነገር ግን እንደ ሥራ ያከብሩት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ባዶ እግራቸውን ሲሄዱ ድንጋይ መስሎ የሚተኛውን መርዛማ ዓሣ ረገጡ። ወይዘሮ ሃሉዋ እግራቸውን ቆዳ በማያቃጥል ሙቅ ውሃ ነክረው እያቆዩ ጤና ጣቢያ አደረሷቸው። ከዚያ ወዲህ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ያላደረገ ሰው ከእርሳቸው ጋር ዓለቱን አልረገጠም። የናይለን ክር በጣቱ ላይ የሚጠመጥም ሰው ሲያዩ ሥራቸውን ጥለው ሄደው ይፈቱለት ነበር፤ ትልቅ ዓሣ ድንገት ሲጎትት ክሩ ሥጋ ይቆርጣል፣ ሰውንም ይዞ ይወርዳል። በወገብ ላይ ክር መቁረጫ ቢላ እንዲኖር ያዝዙ ነበር። ዓለቱ ላይ ከመውጣት በፊት ሩብ ሰዓት ዝም ብሎ ማዕበሉን ማየት ግዴታ ነበር፤ ትልቁ ማዕበል የሚመጣው ሰው ትንንሾቹን ሲለምድ ነውና። እርጥብ ድንጋይ ላይ የቆመውን «ያረጠበው ማን ይመስልሃል? ይመለሳል» ይሉት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1999 ግን ከነዚህ ሁሉ የከበደ ነገር ሆነ። የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ጓደኛቸው አቶ ኬንጋ ከሌሎች ጋር ወጥተው አልተመለሱም። ውሃው ደረት ሲያደርስ ሁሉም ተጣድፎ ነበርና፣ እያንዳንዱ አቶ ኬንጋ ከሌላው ጋር ያሉ መስሎት ገባ። መጥፋታቸው የታወቀው ሻይ ሲቀዳ አንድ ኩባያ በመትረፉ ነው። «ስንት ሆነን ነበር የሄድነው?» ብለው ሲጠያየቁ አንዱ ስምንት አለ፣ ሌላው ዘጠኝ። የአቶ ኬንጋ ሬሳ በማግስቱ በበሩ አፍ ላይ ተገኘ።

መቁጠር የተጀመረው ያኔ ነው። መምህር ናታን የቅዳሜ አጥማጆችን ማኅበር አቋቋሙ። መምህራን፣ የጤና ጣቢያ ነርስ፣ የጎማ ጠጋኝ፣ የፖስታ ቤት ጸሐፊ አባላት ሆኑ። በየዓርቡ ወደ ባሕሩ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው የትምህርት ቤት አጥር ላይ፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሁለት ሰዓቶች ይጽፉ ነበር። አንደኛው ውሃው የሚጎድልበት ነው። ሁለተኛው ሰው ዓለቱን የሚለቅበት ነው፤ ይህም ሁልጊዜ ውሃው ለመመለስ ከመነሣቱ ይቀድማል። የደቡቡ ነፋስ በርትቶ ከሰነበተ ውሃው ከተጻፈለት ሰዓት ስለሚቀድም ሌላ ሃያ ደቂቃ ይቀንሱ ነበር። ጠዋት የሚወጣው ሁሉ ስሙን አስመዝግቦ ይሄዳል፤ ሲመለስ ፊት ለፊት ቆሞ ያሰርዛል። በገመድ የታሰረ፣ ክዳኑ የተጠበቀ ባዶ ቢጫ ጀሪካን ዳር ላይ ይቀመጣል። ውሃ የወሰደው ሰው ቢኖር ጀሪካኑ ይወረወርለታል እንጂ ማንም ተከትሎት አይገባም። ጅረት የያዘው ደግሞ ከጅረቱ ጋር አይታገል፤ ወደ ጎን ይዋኝ። ይህን ሁሉ በየዓመቱ በጥር የመጀመሪያ ቅዳሜ ከሀ እስከ ፐ ይደግሙት ነበር። የሰለቸው ያዛጋ ነበር፤ እርሳቸው ግን አይቆጡም፤ ያዛጋውን ያስደግሙት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2021 ቀኝ ጉልበታቸው ታሞ ሐኪም ዓለት ላይ መውጣት ከለከላቸው። ወደ ውሃም ብቻቸውን እንዳይገቡ ተነገራቸው። ከዚያ ወዲህ በበርጩማቸው ላይ ዳር ተቀምጠው መቁጠር ብቻ ሆነ ሥራቸው። ጎማ ጠጋኝ የሆኑት አቶ ካሂንዲ አንድ ቀን «አማቼ፣ እኛ ፍየሎች ነን እንዴ የሚቆጥሩን?» ብለው ቀለዱባቸው። መምህር ናታንም «ፍየል ብትሆኑማ ቤት መግባታችሁን በድምፃችሁ አውቅ ነበር» ብለው መለሱ። ከዚያም እንደ ልማዳቸው «ካሂንዲ፣ ፊቴ ቁም፤ ልሰርዝህ» አሉ።

በዚያ ቅዳሜ የደቡቡ ነፋስ ለአራት ቀን ሳይቆም ነፍሶ ነበር። ውሃው አምስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይጎድላል፤ በሰሌዳው ላይ የተጻፈው የመልቀቂያ ሰዓት አራት ሰዓት ከአርባ ነበር። ሰባት ሰዎች ተመዝግበው ወጡ። መምህር ናታን በሰዓቱ የመልቀቂያውን ፊሽካ ሲነፉ ስድስቱ ተመልሰው ተሰረዙ። ሰባተኛው አቶ ካሂንዲ ነበሩ። ስድስቱ «መጨረሻ ያየነው ከኋላችን፣ በደቡብ በኩል ነው» አሉ። መምህር ናታን በደንቡ መሠረት ሁለት ብርቱ ሰዎች ሞተር ጀልባ እንዲያመጡ ወደ ዓሣ አጥማጆች ማረፊያ ላኩ። ጀልባዎቹ ግን ሁሉም ወጥተው ነበር። አንዲቱ እስክትመለስ ሃምሳ ደቂቃ አለፈ።

በዚህ መካከል ውሃው በበሩ እየገባ ነበር። መምህር ናታን ጫማቸውን አጠበቁ፤ ጀሪካኑን አነሡ። ነርሷ ሲስተር ዳማ ክንዳቸውን ይዘው ደንቡን ራሳቸው እንደጻፉት አስታወሷቸው። መምህር ናታን «ቁጥሩ አልሞላም» አሏቸው። ባሕሩ ዳር ከበቀሉት የማንግሮቭ ዛፎች ጥግ አልፌ አይቼ እመለሳለሁ ብለው አስበው ይሆናል። እስከ ጉልበት፣ ከዚያ እስከ ወገብ ሲገቡ ታዩ። ጥጉን አልፈው ከዓይን ተሰወሩ።

አቶ ካሂንዲ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ትልቅ ዓሣ ይዘው ነበር። ፀሐይ እንዳያበላሸው በደቡቡ መንገድ ወጥተው፣ በሞተር ብስክሌት ተጭነው ቤታቸው ገቡ። «አማቼ ሁሉን ያያሉ፣ ሳልፍም አይተውኛል» ብለው አስበው ነበር። ፊሽካው ሲነፋ ዓሣውን እየቀረፉ ነበር። መምህር ናታን የዓሣ ራስ ስለሚወዱ ራሱን ለብቻ ቀቅለው አኖሩላቸው።

ሰባት ሰዓት ተኩል ሲያልፍ ወይዘሮ ሃሉዋ ምድጃውን አጥፍተው ወጡ። ዳር ሲደርሱ በርጩማዋና ደብተሩ ብቻ ነበሩ። በደብተሩ ላይ ሰባት ስሞች ነበሩ፤ ስድስቱ የተሰረዙ። ጀልባዋ ጀሪካኑን አግኝታ ተመልሳለች። ስምንት ሰዓት ሲሆን አቶ ካሂንዲ ሳህን በጨርቅ ሸፍነው ከበስተኋላ መጡ። ወደ መምህር ናታን ቤት ሄደው የቤቱ በር ዝግ ስለሆነባቸው ነበር ወደ ባሕር የወረዱት። ዳር የቆመው ሰው ሁሉ አያቸው። ሲስተር ዳማ ሄደው ሳህኑን ከእጃቸው ተቀበሉ።

መምህር ናታን ሰኞ ሴፕቴምበር 4 ቀን ማለዳ በዓሣ አጥማጆች ተገኙ። ሐኪሞች ያረፉት ቅዳሜ ዕለት እንደሆነ ጽፈዋል። ዕድሜያቸው ስልሳ ስድስት ነበር።

የቀብር ኮሚቴው ሲሰበሰብ ታላቅ ወንድማቸው አቶ ሳፋሪ በዚህ ጽሑፍ ላይ «በድንገተኛ አደጋ» የሚል ብቻ እንዲሰፍር፣ በሬሳ ፊት የሰው ስም እንዳይነሣ መከሩ። ብዙዎች ተስማሙ። አቶ ካሂንዲ ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። «እህቴ፣ ስሜን ጻፊው» አሉ። «ሳይናገር ሄደ ብለሽ ጻፊ። ብትሸፍኚልኝ ነገ ሌላው እንደኔ ዓሣውን አንጠልጥሎ ቤቱ ይገባል።» አቶ ሳፋሪ ዝም እንዲሉ አዘዟቸው። ወይዘሮ ሃሉዋ በሁለተኛው ቀን ወረቀትና ብዕር አነሡ። መልሳቸው ይህ ጽሑፍ ነው።

ስለዚህ እዚህ ለቆማችሁ ሁሉ፦ ከዓለቱ ቀድሞ የሚወጣ ሰው፣ በየትኛውም መንገድ ይውጣ፣ ከመሄዱ በፊት ይናገር። ዳር ላይ ያለው ሰው ሁሉን አያይም።

መምህር ናታን ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሃሉዋን፣ ልጆቻቸውን ምቤዩንና ሩዋን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ ታላቅ ወንድማቸውን አቶ ሳፋሪን፣ ሁለት እህቶችን፣ እንዲሁም እንደ ልጅ ያሳደጓቸውን አቶ ካሂንዲን ትተው አልፈዋል። አቶ ካሂንዲ ዛሬ ሣጥኑን ከሚሸከሙት አንዱ ናቸው። ይህም በወይዘሮ ሃሉዋ ፈቃድ ነው።

ባሕሩንና የብሱን የለየ አምላክ ነፍሳቸውን ውሃ በማይደርስበት ስፍራ ያሳርፍልን። ለቀሩትም ልብ ይስጥ።

ማኅበሩ ሐሙስ ዕለት ተሰብስቦ ነበር። ማን እንደሚቆጥር ተጠየቀ። ሲስተር ዳማ ሁለት ጊዜ ጠየቁ፤ እጁን ያነሣ አልነበረም። ቀጣዩ ትልቅ ጉድለት ቅዳሜ ሴፕቴምበር 16 ነው፤ አምስት ሰዎች ለመውጣት ቀጠሮ ይዘዋል። የሚመለሱትን የሚቆጥር የለም።