መሪውን ያልለቀቅኩበት ውድድር

ይድረስ ለሁለተኛዋ እናቴ፣ ለእትዬ፦

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ደረጃ ላይ ማጉረምረሙን ተወ ወይስ አሁንም ይሟገትሻል? እማዬስ መድኃኒቷን ትውጣለች ወይስ እንደ ልማዷ ትራስ ሥር ትደብቃለች? እኔም ባለቤቴም ልጃችንም ከእናንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን ነገር የለም። እንዲያውም ሥጋ ለብሻለሁ። ባለቤቴ «ድሮ ተንጠልጥሎ ነበር የሚሠራው፣ አሁን ተቀምጦ ስለሆነ ነው» እያለች ለጎረቤት ታማኛለች።

«የሞተር ሳይክል ውድድሩን ከተወ ወዲህ ወሬው ጠፋ» ብለሽ መቀየምሽን ሰምቻለሁ። እውነትሽን ነው። ግን በመኪና ውድድሩ ወንበሬ ሳይረጋ ምን ብዬ ልጻፍልሽ? አሁን ረግቷልና ቁጭ ብዬ ላውራሽ።

እንደምታውቂው ትከሻዬ ለሁለተኛ ጊዜ ሲሰበር ሐኪሙ «ሦስተኛውን ሌላ ሰው ይጠግንልህ» አለኝ፤ ባለቤቴም ከሐኪሙ ጎን ቆመች። እኔም አራት ጎማ ከሁለት ይቀላል ብዬ ገባሁበት። እንዲህ የሚልሽ ሰው ካለ እንዳታምኚው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር ሲከዳሽ ትለቂዋለሽ። የሙጥኝ ካልሽ እላይሽ ላይ ይወድቃል፤ ከለቀቅሽው እሱም በመንገዱ፣ አንቺም በመንገድሽ ትንሸራተታላችሁ። ይህ ነገር ከስንት ዓመት ጀምሮ እጄ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ታዲያ በመጀመሪያው ልምምድ መኪናው ኩርባ ላይ ሲንሸራተትብኝ ምን ያደረግኩ ይመስልሻል? ሁለት እጄን ከመሪው ላይ አነሳሁ። በቀበቶ ተተብትቤ፣ እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ፣ እንደ እንዝርት ሾሬ ሣር ውስጥ ገባሁ። መካኒኩ እየሮጠ መጣና «ምነው፣ ተሰናበትከው እንዴ? የት ልትሄድ ነበር?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጋራዡ ውስጥ ስሜ «ቻው» ሆኖ ቀረ።

መቼም ሰው አንዴ ይስታል። እኔ ግን በውድድርም ደገምኩት። የቡድናችን አለቃ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሴትዮ ናቸው፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው። ሻያቸውን እያማሰሉ «ልጄ፣ አሁንም መሪ ከለቀቅክ ወንበሩን ለተጠባባቂው እሰጠዋለሁ» አሉኝ። ተጠባባቂው ደግሞ በየጠዋቱ «ዛሬስ አላመመህም?» ሲለኝ ድምፁ ውስጥ ተስፋ ይሰማኝ ነበር።

ቤት ውስጥ ባለቤቴ መላ ዘየደች። የድስት ክዳን በሁለት እጄ አስይዛ በድንገት ትገፋኛለች፤ ክዳኑ ከወደቀ ሳህን አጣቢው እኔ ነኝ። ልጃችን ይህን ስታይ ሥራ አገኘች፤ ስትፈልግ ጥርሴን ስፍቅ እንኳ ከኋላ እየመጣች ትገፋኛለች። ሳህን ስንት ጊዜ እንዳጠብኩ አትጠይቂኝ።

የወቅቱ የመጨረሻ ውድድር ቀን ዝናብ ወረደ። ማለቂያው ሲቃረብ በረጅሙ ኩርባ ላይ የመኪናው ጭራ ከዳኝ። እጄ «ልቀቅ» አለኝ፣ እትዬ፤ አልዋሽሽም፣ ጣቶቼ ላላ ብለው ነበር። ግን ያዝኩ። ጭራው ወደሄደበት መሪውን አዞርኩ፣ እግሬን ከነዳጁ ላይ ቀስ አድርጌ አነሳሁ፤ መኪናው አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ተወዛወዘና ቀጥ አለ። ከፊቴ የነበረው ሰውዬ ሣር ውስጥ ሲዋኝ አለፍኩት። አራተኛ ወጣሁ። አለቃችን ጃንጥላ ይዘው መጡ፤ እንኳን ደስ ያለህም አላሉኝ። የመኪናውን በር ከፍተው «ለከርሞም ከዚሁ አትነሣ» ብለውኝ ሄዱ። እኔም እዚያው እንደታሰርኩ ትንሽ አለቀስኩ፤ ለማንም እንዳትነግሪ።

ነፋሱ አንዳንዴ ይናፍቀኛል። ግን ውድድር ባለ ቀን በጭንቀት ትጾም የነበረችው ባለቤቴ እህል መቅመስ ጀምራለች፤ ይበቃኛል።

ለባለቤትሽ ለጋሼ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ የመኪናውን ፍሬን ያስፈትሽ በይው፣ አሁን ባለሙያ ነኝና ይስማኝ። ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ለእማዬ ደግሞ ልጅሽ አሁን ቀበቶ ታስሮ፣ በር ተዘግቶበት ነው የሚሠራው በያት። ዘንድሮስ ሳትሰጋ ትተኛ።

ወንድምሽ
ከጋራዡ ጀርባ ካለው ቤታችን
ሰኔ ፲፱ ቀን