ካሚዮኑ ባዶውን አይመለስም

ሰኞ፣ ኅዳር 6 ቀን 1952 ዓ.ም.

ቢሮ ዋልኩ። አራት ደብዳቤ ገለበጥኩ። አንድ ማመልከቻ ጠፍቶ ግማሽ ቀን ፈለግኩት... ጠረጴዛዬ ሥር ነበር። ትከሻዬ ተቆርጦ ሊወድቅ ነው። ትናንት ኢተያን ሁለት ለባዶ አሸንፈን ነው የተመለስነው። ሁለቱንም ጎል አጥቂያችን ሁሴኖ አገባ። በእኔ በኩል ምንም አልገባም፤ ለበረኛ ግን ማን ያጨበጭባል?

እትዬ አፀደ፣ ቤት ያከራዩኝ፣ ኮቴን ሲያራግፉ ገለባ በገለባ ሆኖ አገኙት። «ኳስ ሜዳ ነው አውድማ የዋልከው?» አሉኝ። ስንመለስ የአቶ ወልደጻድቅን ስንዴ ጫንን አልኳቸው። ምን አለበት? ካሚዮኑ የሳቸው፣ ማሊያው የሳቸው፣ ኳሱም የሳቸው። እህል ነጋዴ ናቸው። እኛን ኢተያ ለማድረስ ቤንዚኑን ማን ይችላል? «ካሚዮኔ ባዶውን አይመለስም» ይላሉ ሁልጊዜ። እውነታቸውን ነው።

እትዬ አፀደ ኮቱን እየሰቀሉ፣ «ታዲያ ኩሊዎቹ የት ሄዱ?» አሉ።

ኩሊዎቹ... አስቤውም አላውቅ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14

አስናቀ በምሳ ሰዓት መጣ። አስተማሪ ነው፣ የቡድናችን አምበል። የኩሊዎቹን ነገር አነሳሁበት። ሳቀብኝ።

«ሰውየው ነጋዴ ነው። ሳይጠቀም ለምን ብሎ ያወጣል? ነገ ቢሰለቸው በጨርቅ ኳስ ልትጫወት ነው?»

«ይጠቀም። ከሜዳው ይጠቀም። ከወገባችን ለምን?»

«ሜዳው ምን አለው? አጥር የለው፣ በር የለው። ማን ከፍሎ ይገባል?»

አስናቀ ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለሰ። እኔ ግን አቶ ወልደጻድቅ ቡድኑን ሲያቋቁሙ ሁላችንን ሰብስበው የተናገሩት ትዝ አለኝ። «ሜዳ ላይ የተሰበረ ዕድሉ ነው። በእኔ ሥራ ላይ የተሰበረ ግን የእኔ ነው፣ አሳክመዋለሁ፣ እጦረዋለሁ።» ያኔ አጨብጭበን ነበር። የሳቸው ሥራ ምን እንደሆነ ማናችንም አልጠየቅንም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 2

ለአቦምሳ ቡድን ደብዳቤ ጻፍኩ። የቡድኑ ጸሐፊ እኔ ነኝ፣ በረኛነቱ ሳያንሰኝ። ቀን የሚቆርጡት አቶ ወልደጻድቅ ናቸው። «ለሳምንት እሁድ አድርገው» አሉ።

ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የድሮዎቹን ግልባጮች አወጣሁ። ሰባት ግጥሚያ። ሰባቱም በየአገሩ የገበያ ማግስት። አንድ እንኳ አልሳተም። እህሉ ተገዝቶ፣ ተሰፍሮ፣ በጆንያ ታስሮ ሲጠብቀን ነበር ማለት ነው። እኔ ደግሞ «በወንድማማችነት መንፈስ እንድንጋጠም» እያልኩ በጥሩ እጅ ጽሑፍ... ጅል።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 11

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ትናንት አቦምሳን ሁለት ለአንድ አሸነፍን። ሁለቱንም ሁሴኖ። ስለ ጎሎቹ ልጽፍ ነበር... ተወው።

ጨዋታው እንዳለቀ ካሚዮኑ ወደ መጋዘን ዞረ። በቆሎ። ከሰባ ጆንያ በላይ። ላባችን ሳይደርቅ ተሰለፍን። ሙቀቱ አይጣል ነው፣ እኛ የደጋ ሰዎች። ሁሴኖ ከታች ሆኖ እያነሳ ያቀብላል፣ እኔና አስናቀ ከላይ እንደረድራለን። አጥብቆ ያላሰረው ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ከጫፍ የነበረው ጆንያ ተንሸራተተ። ጮህኩ። ሁሴኖ ቀና ሲል ግራ ጉልበቱ ላይ አረፈበት። አልጮኸም። ቁጭ አለና እግሩን የሰው ዕቃ ይመስል ያየው ጀመር።

ወጌሻ መጥቶ አሰረለት። አቶ ወልደጻድቅ ራሳቸው ውሃ አጠጡት። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ይህን መጻፍ አለብኝ። ከዚያ ወደ ጎን ጠሩኝ።

«ፍሰሐ፣ የቡድኑን መዝገብ ያዝ። በጨዋታ ላይ ተጎዳ በል።»

«ጋሼ፣ ጨዋታው አልቆ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ። እኔም ዓይን አለኝ። የአንድ ሰው ጉልበት ለዕድሜ ልክ ተሸክሜ ግን ካሚዮን ለኳስ አልሰድም። ካሚዮኑ ይቅር ካልክ እውነቱን ጻፍ። አንተ ምረጥ።»

ዞር ብዬ ልጆቹን አየሁ። ሁሉም ሰምተዋል። አስናቀ የጫማውን ማሰሪያ ያስር ነበር... ታስሮ የነበረውን።

ጻፍኩ። «ሁሴኖ በጨዋታ ላይ ተጎዳ።» ፈረምኩበት። ቡድኑ እንዳይፈርስ ብዬ ነው... ለቡድኑ ብዬ ነው? ሁሴኖ ካሚዮኑ ላይ በጆንያዎቹ መሐል ተኝቶ ከተማችን አሰላ እስክንደርስ አንዴም አላማረረም። ያ ነው የገደለኝ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 12

ለማንም አልነገርኩም። ለማን እነግራለሁ? ሁሉም ነበሩ።

ማክሰኞ፣ ጥር 3

የሁሴኖ እናት፣ እማማ ሰኪና፣ ቢሮ ድረስ መጡ። ከከተማው ወጣ ብለው ነው የሚኖሩት። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚያርሰው ሁሴኖ ነው። ሐኪሙ ጉልበቱ ከእንግዲህ አይታጠፍም ብሏቸዋል። ወንበር ሰጠኋቸው፣ እንቢ አሉ።

«አቶ ወልደጻድቅ ዘንድ ሄድኩ። ኳስ ሰበረው አሉኝ። ወረቀት አለ አሉ፣ አንተ ጻፍክ አሉ።»

«አዎ እማማ።»

«ኳስ አይቼ አውቃለሁ እኔ። ልጄ ቤት አምጥቶ ነበር። በአንድ እጄ አነሳሁት።» መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። «እንዴት ይህን ሁሉ ከበደ?»

«ማል ጎና» አሉ በኦሮምኛ፣ ምን እናደርጋለን እንደማለት፣ ለራሳቸው። ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። አቶ ወልደጻድቅ ዘንድ ሽማግሌ ሊሰዱ ነው አሉ። ይስደዱ። ሽማግሌ ሲሰበሰብ መዝገቡን የሚያነበው ማን ነው? እኔ።

ሰኞ፣ ጥር 23

ትናንት ሽምግልናው ተቀመጠ፣ መጋዘኑ ደጃፍ። ከሁለቱም ወገን ሦስት ሦስት ሽማግሌ፣ ሰብሳቢው አቶ ገብረ መድህን። ቡድኑ በሙሉ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሁሴኖ በርጩማ ላይ፣ ግራ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ።

መዝገቡን አንብብ አሉኝ። አነበብኩ። ድምፄ ራሱ የሌላ ሰው መሰለኝ። አቶ ወልደጻድቅ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ በቃ ያለቀ ነገር ነው። መዝገቡን አጠፍኩትና፣ «የጻፍኩት እኔ ነኝ። ውሸት ነው። ጆንያ ነው የሰበረው» አልኩ።

አንድ ሰው ሳለ።

አቶ ወልደጻድቅ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «እሺ» አሉ። «ይሁን። እኔ ባልኖር ቡድን አለ? ማሊያውን ማን ገዛ? ይህ ልጅ ሲያገባ አገሩ ሁሉ ጮቤ የረገጠው በማን ካሚዮን ሄዶ ነው? ይህን ሁሉ ደስታ ሰጥቼ እኔ ብጠቀም ኃጢአቱ ምኑ ላይ ነው?»

ሐቁን ልጻፍ፣ ልቤ ለሁለት ተከፈለ። ጥያቄው ጥያቄ ነው። አቶ ገብረ መድህን ግን ጢማቸውን እየዳሰሱ፣ «ለምን ተጠቀሙ ብለን አልመጣንም» አሉ። «ልጁ ሲያገባ የእርስዎ ነበር። ሲሰበር የማን ነው? እሱን ይንገሩን።»

አቶ ወልደጻድቅ መሬት መሬት አዩ። ሊያሳክሙት፣ ተቀምጦ የሚሠራው ሥራም ሊሰጡት ተስማሙ። እማማ ሰኪና አለቀሱ። እኔ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር...

ሰኞ፣ የካቲት 7

ካሚዮኑ ሁለት እሁድ ቆመ። የልጆቹ ማሊያ ተሰብስቦ ተቆለፈበት፣ የእኔ ብቻ ቤቴ ቀረ። ትናንት ልጆቹ ተሰብስበው ይቅርታ ሊጠይቋቸው ሄዱ። ማን ምን በድሎ? እሳቸውም ታረቁ። አንድ ነገር ብቻ አስይዘው... ፍሰሐ አይኖርበትም።

አንድ ሰው እንኳ እንቢ አላለም።

አስናቀን ከትምህርት ቤቱ በር ጠብቄ ያዝኩት። «አንተ ነፍስህን አዳንክ» አለኝ። «እኛ ኳስ ነው ያለን። ከእሱ ሌላ ምን አለን እዚህ አገር?» ጥሎኝ ሄደ። ጆንያው በእሱም ጀርባ ላይ ነው እኮ!

የሚገርመው አቶ ወልደጻድቅ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ባርኔጣቸውን አንስተው ሰላም ይሉኛል። ፊት የሚነሱኝ ልጆቹ ናቸው። አሁንም ይጭናሉ፤ ሰው ቀንሶባቸው ሸክሙ በዝቷል ይላሉ፣ በእኔ ምክንያት።

ሐሙስ፣ መጋቢት 22

ከቢሮ ስመለስ ሁሴኖ ደጄ ላይ ቆሟል፣ በትር ይዞ። አሁን መጋዘን ተቀምጦ ጆንያ ይቆጥራል። አቶ ወልደጻድቅ የበረኛውን ማሊያ አምጣ ብለው ልከውታል። የሚልኩት ሰው አጡ?

አጥቤ አጥፌ አስቀምጬው ነበር። ሰጠሁት። አልጋዬ ላይ ተቀመጠና እግሩን አሳረፈ።

«ተቀየምከኝ?» አልኩት። «መጀመሪያ ስለጻፍኩት።»

«ተቀይሜህ ነበር። አሁን ደክሞኛል።» ደብተሬን አየና፣ «አንተ ሁልጊዜ ትጽፋለህ ይላሉ። አቦምሳን ጽፈሃል?»

ጽፌያለሁ። ማንበብ አይችልም፣ አንብብልኝ አለ። ይህን ደብተር ለሰው ከፍቼ አላውቅም... አነበብኩለት። ጆንያው ጋ ስደርስ እጁን አነሳ።

«እሱን አውቀዋለሁ። ጎሎቹን አንብብ።»

ገለበጥኩ። ያንን ሁሉ ጽፌ... ስለ ጆንያው፣ ስለ መዝገቡ፣ ስለ ራሴ ኀፍረት። ስለ ጎሎቹ «ተወው» ብዬ አልፌያለሁ። አፈርኩ። የዛሬው ኀፍረት ከፊርማው ይብሳል። አልጻፍኳቸውም አልኩት። በቃሌ ነገርኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። «ድገመው» አለ። ደገምኩለት። ማሊያውን ብብቱ ሥር አድርጎ፣ በትሩን ተመርኩዞ ወጣ።

ስለዚህ አሁን እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ከማዕዘን የተሻማ ነበር። በሁለት ተከላካይ መሐል ዘሎ በግንባሩ፣ በረኛቸው ሳይነቃነቅ። ሁለተኛው ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ነው። እኔ ኳሷን በረዥሙ መታሁለት፣ መሐል ሜዳ ተቀበላት። አንዱን አለፈ፣ ሌላውን አለፈ፣ ሦስተኛው ወደቀ። አቦምሳዎች ራሳቸው ሳቁ፣ በደስታ። በረኛው ወጣበት። ቀኝ እግሩን ያነሳ መሰለና አታለለው፣ ከዚያ መታት፣ በግራ እግሩ።