በሰንጠረዡ ውስጥ የደበቅኩት ሰዓት

ግንቦት 8 ቀን 2007 ዓ.ም.

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ሲደበላለቅ አልወድም።

ነሐሴ 12 ቀን 1979፦ ተወለድኩ። ጎንደር።
ሐምሌ 4 ቀን 2001፦ በስታቲስቲክስ ተመረቅሁ።
ጥቅምት 2002፦ ታናሽ እህቴ ሊድያ በመተማ በኩል ከአገር ወጣች። ሳትሰናበተኝ።
ጥር 2004፦ የሊድያ ስልክ ተዘጋ።
መጋቢት 19 ቀን 2004፦ እናታችን ዐረፈች። በታመመችበት ጊዜ ሁሉ በየማለዳው «ሊድያ ደወለች?» ትለኝ ነበር።
ሐምሌ 2004፦ ሊድያ ደወለች። ነገርኳት። አለቀሰች። የት እንደነበረች አልጠየቅኳትም።
ኅዳር 24 ቀን 2005፦ ሪያድ ገባሁ። ሱለይማኒያ ሰፈር፣ መዳም አስማ ቤት። በፓስፖርቱና በውሉ ስሜ ሃያት ነው፤ ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል፤ ልደቴ ጃንዋሪ 1 ቀን 1985። ሦስቱም የደላላው ድርሰት ናቸው። «ዲግሪ ያላት ሠራተኛ ማንም አይፈልግም» ነበር ያለኝ።
መስከረም 2006፦ ሊድያ ፓሪስ ደረሰች። ወረቀት እየጠበቀች ነው። ከዚያ መውጣት አትችልም።

ዛሬ፦ መዳም ከምሳ በኋላ ጠራችን፤ እኔንና አብራኝ የምትሠራውን ሰሊማን። «ያላ፣ ከዒድ በኋላ ፈረንሳይ ነን። ስምንት ቀን ባሕሩ ጋ፣ ሰባት ቀን ፓሪስ። ከሁለታችሁ አንዷ ትመጣለች። እንግሊዝኛው ስላለሽ ሃያት፣ አንቺ።» ለጥንቃቄ ግን ለሁለታችንም ቪዛ ይጠየቃል።

ፓሪስ ስትል የያዝኩትን ሳህን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። እንዳይወድቅ።

ግንቦት 12

መዳም ላፕቶፗን ሰጠችኝ። የጉዞውን ዕቅድ እንዳወጣ። «የልጆቹን ሒሳብ የምታስረጂ አንቺ አይደለሽ? የእናንተ አገር ስምንተኛ ክፍል ግሩም ነው» አለች። እየቀለደች ይሁን እየጠረጠረች… አላውቅም።

ከስንት ጊዜ በኋላ ኤክሴል ከፈትኩ። ጣቶቼ አልረሱትም።

ከጁላይ 22 እስከ 30 ኒስ። ባሕሩ ፊት ለፊት ያለ ሆቴል፣ የጀልባ ሽርሽር፣ አንድ ቀን ካን ከተማ ለሱቅ። ከዚያ በፈጣን ባቡር ፓሪስ፣ እስከ ኦገስት 6። የነገሥታቱ ቤተ መንግሥት፣ ቤተ መዘክሩ፣ የብረት ማማው። የልጆቹ የእንቅልፍ ሰዓት በአረንጓዴ። የመዳም የሱቅ ሰዓት በቢጫ።

ኦገስት 3፣ ሰኞ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ተኩል፦ «መዳም ሱቅ፤ ልጆች ከሠራተኛ ጋር ሉክሰምበርግ መናፈሻ»። ልጆች ትንንሽ የእንጨት ጀልባ የሚያንሳፍፉበት ኩሬ አለው። ሊድያ ከምታድርበት ሠላሳ ደቂቃ በባቡር።

አንድ ሰዓት ተኩል። ከዘጠና ስድስት ሳጥን ውስጥ አንዱ። መዳም አንብባ «ሙምታዝ፣ ግሩም» አለች።

ጥያቄዬ አንድ ነው። በስልክ አይጠየቅም። ፊቷን እያየሁ ነው የምጠይቃት… እናታችን ስትሞት የት ነበርሽ?

ግንቦት 15

ለሊድያ ጻፍኩላት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ኩሬውን።

«እውነትሽን ነው? በስድስት ዓመት! ምን ሠርቼልሽ ልምጣ?»

«ምንም። ሰዓት አክብሪ።»

ሌላ ነገር መጻፍ ይቻል ነበር። ለምን አልጻፍኩም?

ግንቦት 19

ቅጾቹ መጡ። ከነፓስፖርታችን። ፓስፖርቴን ካየሁት ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፤ ከፊላችን፣ የቅጥር ዋሳችን የሆነው የመዳም ባል፣ ካዝና ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ፎቶዬ ላይ ያለችውን ሴት አላወቅኋትም።

ሰሊማ ከወሎ፣ ከሐይቅ አካባቢ ነው የመጣችው። ፊርማዋ የአውራ ጣት ነው። የእሷን አስቀድሜ ሞላሁ፤ ከፓስፖርቷ ፊደል በፊደል።

«እህቴ፣ ቆንጆ አርገሽ ጻፊኝ እሺ።»

«ቅጽ ነው እኮ፣ ፎቶ አይደለም።»

«ይሁን። እነሱ የሚያዩኝ በዚያ አይደል?»

ከዚያ የራሴን። አምስት ደቂቃም አልፈጀ። የሰሊማን ሁለት ጊዜ አመሳከርኩ። የራሴን አላመሳከርኩም።

ሰኔ 14

ጾማቸው ነው። ቤቱ ቀን ይተኛል። መዳም ከዐስር፣ ከከሰዓቱ ሶላት፣ በኋላ ብቻዬን ጠራችኝ።

የሰሊማ ቪዛ ተፈቅዷል። የእኔ ተከልክሏል። ምክንያት፦ የቀረበው መረጃ አስተማማኝ አይደለም።

መዳም የቅጹን ቅጂና ፓስፖርቱን ጎን ለጎን አስቀመጠች። በፓስፖርቱ ጃንዋሪ 1 ቀን 1985። በቅጹ፣ በእኔ እጅ ጽሑፍ፣ ኦገስት 18 ቀን 1987።

«ይሄ የማን ልደት ነው?»

የራሴን እጅ ጽሑፍ አየሁ።

«ሃያት፣ አንቺን ነው የምጠይቀው።»

የእኔ ነው። ነሐሴ 12 በእነሱ አቆጣጠር ሲሰላ ነው። ይህን ብል ፓስፖርቱ ውሸት ነው ማለት ነው። ከፊሉ ይሰማል። ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ይሰረዛል። እስር ቤት፣ ከዚያ አውሮፕላን።

«ተሳሳትኩ፣ መዳም።»

«አንቺ? ጨው በማንኪያ ለክተሽ የምትጨምሪው?» አየችኝ። ብዙ። ከዚያ ፓስፖርቱን ዘጋችው። «ኸላስ፣ በቃ። እንደገና ለመጠየቅ ጊዜ የለም። ሰሊማ ትሄዳለች።»

በዚያ ቅጽ ላይ እውነት የጻፍኩበት ሳጥን አንድ ብቻ ነበር። እሱን ስሕተት ብዬ ጠራሁት።

ሰኔ 15

ሰሊማ ሽንኩርት እየላጠች «ወላሂ ዱንያ ታስቃለች» አለች። «ዲግሪ ያላት ወደቀች፤ በአውራ ጣቷ የምትፈርመው አለፈች።»

የላጠችውን መክተፍ ጀመርኩ።

ትንሽ ቆይታ «ዐፉ በይኝ ሃይሚ። እኔ አልለመንኩም። ባሕር ያማረኝም ሰው አይደለሁ» አለች። ማንም በሌለበት በእውነተኛ ስሜ ነው የምትጠራኝ።

ሰኔ 16

የሆነው እንዲህ ነው። ፓስፖርቱ ተከፍቶ ፊቴ ነበር። ቁጥሩን ገለበጥኩ። የተሰጠበትን ቀን ገለበጥኩ። ስሜን ሃያት ብዬ ጻፍኩ፤ እጄ አላመነታም። ልደት የሚለው ላይ ስደርስ በቃሌ ጻፍኩ። የሰሊማን ቀኖች ሳመሳክር ስለቆየሁ ነው። ድካም ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

ሐምሌ 3

ለሊድያ ነገርኳት። ቪዛ እንደተከለከልኩ፣ በምትኬ ሰሊማ የምትባል ሴት ልጆቹን ይዛ እንደምትመጣ፣ ከፈለገች ልታገኛት እንደምትችል።

«እሺ።»

ያ ብቻ ነው መልሷ።

ለሰሊማ መናፈሻውን በስልክ ካርታ አሳየኋት። መግቢያውን፣ ኩሬውን፣ አረንጓዴ የብረት ወንበሮቹን።

«ምን ልበልልሽ?»

«ሰላም በያት።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ኧረ አንቺ ልጅ! ባሕር ተሻግሬ ሰላም ብቻ ላድርስ? ሰላም እኮ በስልክም ይደርሳል።»

ጥያቄው የእኔ ነው። በሰው አፍ አይላክም።

ሐምሌ 15

ሄዱ። አሥራ አንድ ሻንጣ። ስምንቱን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ትንሹ ልጅ ጀብሪል በር ላይ ቀሚሴን ይዞ አለቀሰ። እኔን ግን ሹፌሩ መላዝ ሰፈር አደረሰኝ፤ የመዳም አማት ሐጃ መርየም ቤት። እስኪመለሱ እዚህ እሠራለሁ።

ሐምሌ 18

የሰሊማ የድምፅ መልእክት፦ «ሃይሚ፣ ባሕሩ አሸዋ የለውም፣ ጠጠር ነው! መዳም በባዶ እግሯ ልትገባ ብላ እንደ ዶሮ ዘለለች። ሰዉ እርቃኑን ነው፣ አስተግፊሩላህ፣ እኔ ሰማይ ሰማይ ሳይ አንገቴ ቀረ። በጽሑፍሽ ላይ ያለው ሁሉ በሰዓቱ እየሆነ ነው። መዳም ‹ሃያት ምን ብላለች?› እያለች ወረቀቱን ታያለች። እንዳለሽበት ቁጠሪው።»

እንዳለሁበት ልቁጠረው።

ሐምሌ 22

ሐጃ መርየም ዛሬ በሳሎኑ መጋረጃ በኩል የመላዝን መንገድ እያየች ጠየቀችኝ።

«ባሕር አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ጣናን፣ ሐጃ። ሐይቅ ነው።»

«እኔ ጅዳ አይቻለሁ። ጨውና ሙቀት ነው። ምንም አልቀረብሽም።» ከዚያ «እኔንም አልጠየቁኝም እኮ» አለች።

ሻይዋን ቀዳሁላት።

ሐምሌ 27

የፓሪስ አሥር ሰዓት የሪያድ አሥራ አንድ ነው።

አሥራ አንድ። የሐጃን ጉልበት ቅባት እቀባለሁ። አሁን ልጆቹ ጀልባ ይከራያሉ።

አሥራ አንድ ተኩል። ሊድያ አርፍዳ ይሆን? ሁልጊዜ ታረፍዳለች።

አሥራ ሁለት ተኩል። አለቀ። ማንም አልጻፈም።

ሐምሌ 28

ሊድያ፦ «አየኋቸው። ልጆቹ ያምራሉ። ሰሊማ ጥሩ ሰው ናት። አንቺ ደህና ሁኚ።»

«ደህና ሁኚ» መሰናበቻ ነው? ወይስ እንዲሁ…?

ነሐሴ 1

ትናንት ተመለሱ፤ እኔም ወደ ሱለይማኒያ። ዛሬ ዐርብ ነው፤ ቤተሰቡ ምሳ ሐጃ መርየም ጋ ነው። ከሰሊማ ጋር ወጥ ቤት ብቻችንን ሆንን። እንደነገረችኝ እጽፈዋለሁ።

ሊድያ ቀድማ ነበር የደረሰችው። ሰሊማ ልጆቹን ይዛ ስትገባ ኩሬው ጋ ቆማ አገኘቻት። በጨርቅ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ይዛ፣ ሁለት ወንበር አጠገብ ለአጠገብ አድርጋ። «እስከ መጨረሻ አንቺን ስትጠብቅ ነበር መሰለኝ» አለች ሰሊማ። «በኔ ትከሻ በኩል አሻግራ ታይ ነበር።»

«‹እህቴ ምን ብላ ላከችሽ?› አለችኝ። ሰላም ብላለች አልኳት። ‹ሌላስ?› አለች። ሌላ የለም አልኳት። ምን ላድርግ፣ አልሰጠሽኝ።»

ከዚያ ሊድያ ማንም ሳይጠይቃት ተናገረች። ሊቢያ ውስጥ መጋዘን ውስጥ ተዘግቶባት ነበር። ከጥር እስከ ሰኔ። አርባ ሴቶች፣ አንድ መስኮት። ስልኳን የወሰዱት የገባች ዕለት ነው። «‹የት ነበርሽ ብላ አንድ ቀን አልጠየቀችኝም› አለች። ‹እስክትጠይቀኝ ጠበቅሁ። ሳትጠይቀኝ እንዴት ብዬ ልጀምር?›»

ድስቱን አጥብ ነበር። ማጠቤን ቀጠልኩ።

«ታዲያ እኔ» አለች ሰሊማ፣ «ሃይሚ እኮ ልትመጣ ነበር፣ የልደት ቀኗን ተሳስታ ጽፋ ነው የቀረችው አልኳት። ሳቀች ሃይሚ። አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ‹እሷ? ቀን? የኔን ክርስትና፣ የጎረቤቱን ሁሉ ሠርግ በቃሏ የምታውቀው? እሷ ቀን አትሳሳትም። ሆን ብላ ነው። ልታየኝ አልፈለገችም› አለች። እኔም ወላሂ አይደለም ብዬ ማልኩላት። በአላህ ስም ማልኩ።»

ወደ እኔ ዞረች።

«አይደለም አይደል?»

ውኃውን ዘጋሁ። ፎጣውን አንስቼ ድስቱን አደረቅሁ።

ሰሊማ ከኪሷ ግራጫ ጠጠር አውጥታ መደርደሪያው ላይ አኖረችልኝ። ከኒስ ነው። «ባሕርሽ ይኸው» አለች። እንደተለመደው ልትስቅ ነበር። ተወችው።

ነሐሴ 2

ጥር 2004 ተዘጋባት። መጋቢት 19 እናታችን ዐረፈች። ሰኔ ወጣች። ሐምሌ ደወለች። ቀኖቹ ይገጥማሉ። ከመጀመሪያውም ይገጥሙ ነበር። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የጎደለኝ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳልጠይቅ በእሷ ላይ ፈረድኩ።

ወደ ሌላው ጉዳይ። ግንቦት 19 ቀን ዓይኔን ከፓስፖርቱ ለምን አነሳሁ? ድካም ብዬ ጽፌያለሁ። በዚያ ቀን አልደከመኝም ነበር። ሰሊማ ስታስቀኝ ነበር። የሰሊማን ሁለት ጊዜ ያመሳከርኩ ሰው የራሴን ያላመሳከርኩት…

አላውቅም። የማላውቀውን አልጽፍም።

ነሐሴ 12

ሃያ ስምንት ዓመት። በፓስፖርቱ ሠላሳ። ሊድያ ስልክ ካላት ጊዜ ጀምሮ በዚህ ቀን ሳትጽፍልኝ ቀርታ አታውቅም። ዛሬ አልጻፈችም።

ሚያዝያ 29 ቀን 2008 ዓ.ም.

መዳም አስማ ሁለት ቅጽና ሁለት ፓስፖርት አመጣች። «ዘንድሮም እንደ አምናው። ባሕሩም፣ ፓሪስም። ጀብሪል ጀልባዋን አልረሳም። ዘንድሮ ሁለታችሁንም ልወስድ እችላለሁ። ሃያት፣ አሁንስ ፓስፖርቱን እያየሽ ጻፊ» ብላ ሳቀች። ይቅር ብላኛለች።

የሰሊማን ሞላሁ። የእኔን ያዝኩ። ስም፣ ሃያት። ልደት፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1985። ከፓስፖርቱ ቁጥር በቁጥር ገለበጥኩ። ሁለት ጊዜ አመሳከርኩ። አንድም ስሕተት የለበትም። የቀረው ፊርማ ነበር።

«መዳም፣ ልጆቹ ሰሊማን ለምደዋታል። እኔ ሐጃ መርየም ጋ ብሆን ይሻላል።»

«ፈርተሽ ነው?»

«አይደለም። ጉልበቷን ያማታል።»

ሰሊማ በር ላይ ቆማ ሰምታለች። ለአምናው «አይደለም አይደል?» መልሱን ያገኘች መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ ሰንጠረዡን ሠራሁ። የእንቅልፍ ሰዓት በአረንጓዴ፣ የሱቅ ሰዓት በቢጫ። ሉክሰምበርግ መናፈሻ፣ አሥር ሰዓት፣ ለጀብሪል ጀልባ። ትክክለኛ ሰንጠረዥ ነው።

ቅጹን አልፈረምኩም። ቀኑን ለሊድያ አልጻፍኩላትም። የት ነበርሽ ብዬ አልጠየቅኳትም። ተሳስቼ ነበር አላልኳትም።