ለሠላሳ ሰከንድ ብቻ የበራው ማሽን

ውድ ፕሮፌሰር አዴግቦላ፣

ለዶክትሬቴ የላኩልኝ የእንኳን ደስ ያለሽ መልእክት ትናንት ደረሰኝ። የእርስዎንና የእኔን ጥናት በእርስዎ ስም መሪነት አንድ ላይ እናሳትም ብለዋል። መልስ ከመስጠቴ በፊት ኢባዳን ውስጥ የሆነውን ላስታውስዎ።

በስትሮክ እጃቸው የዛለባቸው አርባ ሰዎች ነበሩን። ለግማሾቹ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ራሳቸው ላይ ደካማ ኤሌክትሪክ እንለቃለን፤ የቀሩትን ማሽኑ ለሠላሳ ሰከንድ ቆንጠጥ ቆንጠጥ ያደርጋቸውና ሳይነገራቸው ይጠፋል። በሽተኛው የቱን እንዳገኘ ካላወቀ፣ ፈውሱ ከኤሌክትሪኩ ይምጣ ከተስፋው እንለያለን። ዘዴውን እርስዎ ያመጡት ግን መብራት ከማይጠፋበት አገር ነበር።

በርበሬ ነጋዴዋ ኢያ ሙቲያት ገና ከመቀመጣቸው፣ "ልጄ፣ መብራት ሄደ እኮ!" አሉኝ።

አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ።

"የእኔስ አልሄደም፤ እንደ ጉንዳን እየነከሰኝ ነው" አሉ ከጎናቸው ማሽን የታሰረላቸው ባባ ላሲሲ።

"እርስዎማ ጀነሬተር አለዎት!"

በመጨረሻ አርባውንም የትኛው እንደደረሳቸው ጠየቅኳቸው። ሠላሳ አራቱ በትክክል ገመቱ። ወረቀቱን ይዤ ቢሮዎ ስገባ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። "ማን ጠይቂ አለሽ? ጥናቱን ያበላሸሽው አንቺ ነሽ" አሉኝ። ስሜን ከጥናቱ ፋቁ፤ "በሽተኞችን ታውካለች" ብለው ለትምህርት ክፍሉ ጻፉ። ያን ዕለት ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ። ከዚያ ኢሎሪን ሄጄ ከዜሮ ጀመርኩ።

በእኔ ጥናት የማስመሰያውም ማሽን እስከ መጨረሻው ይቆነጥጣል፤ ከቆዳ አልፎ አንጎል ግን አይደርስም። የምታስረው ነርስ ራሷ የቱ የቱ እንደሆነ አታውቅም። አግዳሚውን አላነሳሁትም። ጎን ለጎን አስቀምጬ እንደ ልባቸው ያውሩ አልኩ። ሲያወሩ፣ ሲከራከሩ፣ ሲወራረዱ ሰነበቱ፤ ግምታቸው ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት አልተሻለም።

ሕክምናው ግን ሠራ! ጥቅሙ እርስዎ በጥናትዎ ካሉት ሲሶውን ያህል ነው፤ ቢሆንም እውነተኛውን ያገኙት ሰዎች ሸሚዛቸውን ከሌሎቹ ፈጥነው መቆለፍ ቻሉ። ይህን ሕክምና ከጥያቄ ለመሸሸግ እርስዎ ብዙ ደከሙ፤ በሁለት እግሩ ያቆመው ግን ያው የፈሩት ጥያቄ ነው።

ስለዚህ መልሴ አይሆንም ነው። ውጤቱ በእኔና አብረውኝ በለፉት ስም ይወጣል። መዝገቤን ሁሉ ለማንም ክፍት አድርጌዋለሁ። እርስዎም ይግቡ፣ ይፈትሹ፤ ስህተት ካገኙ በአደባባይ ይናገሩ፣ አርማለሁ።

ከዚህ በታች ያለውን ማዕረግ ደብዳቤ ላይ ስጽፈው የመጀመሪያዬ ነው። ለእርስዎ እንዲሆን ብዬ ነው ያቆየሁት።

ዶክተር ሞሬኒኬ አላቢ
ኢሎሪን