ትኬት ቆራጯ ሲያፏጩ

እታለም፣

ዝናብ አባሮኝ አንዲት ጠባብ ሲኒማ ቤት ገባሁልሽ። ፊልሙ የድሮ፣ አጭርና ድምፅ የሌለው ነው፤ አንዲት ልጅ የጠፋባትን ውሻ ትፈልጋለች። ልታፏጭ ጣቶቿን አፏ ውስጥ ስትከት፣ ትኬት ቆራጯ እትዬ ከኋላችን ቆመው በሷ ፈንታ አፏጩላት! ለካ የቤቱ ደንብ ነው። ይሄኔ ከፊት ወንበር ሥር ተኝቶ የነበረ የአንድ ተመልካች ውሻ ብድግ ብሎ እየሮጠ መጣና እትዬ እግር ሥር ቁጭ አለ። ሰዉ በሳቅ ፍርስ አለ። እኔ ግን ውሻችን ሻምበል ትዝ ብሎኝ ሆዴ ባባ። የኛ ሽማግሌማ ዘንድሮ እንኳን ፉጨት፣ ነጎድጓድም አይሰማም።

የፖስታ ካርዱ ቦታ አለቀብኝ፤ እማዬን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ለሻምበልም፣ ባይሰማም፣ ጆሮው ሥር ጠጋ ብለሽ በኔ ፈንታ አንዴ አፏጪለት።

ዟሪው ወንድምሽ